እንግሊዝ አገር ለገባችሁ ጿሚዎች፦ በፈረንጅ ገና ስጋው ያለው ድንቹ ውስጥ ነው

ኅዳር በገባ ቁጥር ያው ጥያቄ ይመጣል። «የመሥሪያ ቤት የገና ምሳ ተጠርቻለሁ፤ ጾም ነው፤ ምን ልብላ?» ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳት አንዴ ልጻፈው።

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። የእነሱ ገና ዲሴምበር 25 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 16። ጾሙ ሊፈታ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው አገሩ ሁሉ ይበላል፤ ያበላል።

ዋናውን ምግብ፣ ተርኪ የሚባለውን ከዶሮ የሚበልጥ ወፍ፣ ማንም ያየዋል። «ስጋ አልበላም» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ሰው የሚሳሳተው አትክልቱ ላይ ነው። የተጠበሰው ድንች በብዙ ቤት የሚጠበሰው በዝይ ወይም በዳክዬ ስብ ነው። ብራስልስ ስፕራውት የሚባለው ትንንሽ ጎመን ብዙ ጊዜ ቤከን ከሚባል የአሳማ ስጋ ጋር ይቀርባል። ከተርኪው ጋር የሚቀርበው ስታፊንግ ሲታይ የዳቦ ፍርፋሪ፣ ሽንኩርትና ቅጠል ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የተፈጨ የአሳማ ስጋ አለበት። ሙስሊም ወገኖቼ፣ ይሄ እናንተንም ይመለከታል። ምግቡ ላይ የሚፈስሰው ግሬቪ ከተርኪው ከወረደው ስብና መረቅ ይሠራል። ዮርክሻየር ፑዲንግ የሚባለው የዱቄት ጋገራ እንቁላልና ወተት አለበት። ብሬድ ሶስ የሚሉት የዳቦ ማባያ በወተት ይሠራል። ካሮትና ፓርስኒፕ የሚባለው ነጭ ካሮት መሰል ሥር በዘይት ከተጠበሱ ጥሩ፤ በቅቤ ከተለወሱ ቀረ። ክራንቤሪ ሶስ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለበትም፤ ግን እሱ ማባያ እንጂ ምሳ አይደለም።

ጣፋጩም እንደዚያው ነው። ሚንስ ፓይ የሚባለው በቂጣ የተሸፈነ ትንሽ ጣፋጭ ዲሴምበር ሙሉ በየቢሮው፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ይታደላል። በድሮ ጊዜ እውነተኛ ስጋ ነበረበት። ዛሬ ውስጡ ዘቢብ፣ ፖምና ቅመም ነው። ስጋው ቢቀርም ስቡ አልቀረም፤ ባህላዊው አሠራር ሱዌት (suet) የሚባል የበሬ ሞራ ይጨመርበታል። አሁን በፋብሪካ የሚሠራው ብዙው በአትክልት ስብ ተተክቷል፤ ቂጣው ግን በቅቤ የተለወሰ ሊሆን ይችላል። ክሪስማስ ፑዲንግ የሚሉት የዘቢብ ኬክም በባህላዊው አሠራር ሞራ፣ እንቁላልና አልኮል አለበት። አንዳንዱ ቤት ላዩ ላይ ብራንዲ አፍስሶ በእሳት ያነደዋል። ትራይፍል የሚባለው የክሬም ጣፋጭ ውስጥ ያለው ጄሊ ብዙ ጊዜ ከእንስሳት በሚወጣ ጄላቲን የረጋ ነው፤ ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት ድግስ የሚያገኙት አንዱ እሱ ነው።

አሁን እኔ የወደቅሁበት ወጥመድ። የመሥሪያ ቤት የገና ምሳ የሚታዘዘው ከሳምንታት በፊት ነው። ቅጽ በኢሜይል ይመጣል። ቀብድ ይከፈላል፤ ቀብዱ አይመለስም። ቅጹ ላይ ተርኪ፣ የበሬ ጥብስና ቬጀቴሪያን የሚሉ ሳጥኖች ነበሩ። ስጋ ከሌለው ይበቃል ብዬ ቬጀቴሪያን ላይ ምልክት አደረግሁ። በቀኑ ነት ሮስት የሚሉት ከለውዝ የተጋገረ ነገር መጣ፤ በእንቁላል የተያያዘ፣ አይብ የተነሰነሰበት። ድንቹ ለሁሉም ሰው በአንድ ትሪ በዝይ ስብ ተጠብሷል። ዳቦው ቅቤ ተቀብቷል። አስተናጋጇን ብጠይቅ «ያዘዙት ይሄንኑ ነው» አለችኝ። አዘጋጁ ወደ ኤችአር (የሠራተኞች አስተዳደር) መራኝ፤ ኤችአር ወደ ምግብ ቤቱ፤ ምግብ ቤቱ ደግሞ «ለውጥ ካለ አስቀድሞ መነገር ነበረበት» አለ። ሁሉም ቅጹን እንጂ ሰውየውን አያዩም። ገንዘቤም አልተመለሰ፣ ምሳም አልበላሁ።

ስለዚህ ቪጋን የሚለውን፣ ማለትም ከእንስሳት የተገኘ ምንም ነገር የሌለበትን ምረጡ። እሱ ከሌለ ባዶው ቦታ ላይ «ስጋ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ አይብ፣ እንቁላልና የእንስሳት ስብ አልበላም፤ ድንቹም በዘይት ይሁንልኝ» ብላችሁ ጻፉ። በቃል አትናገሩ፤ በኢሜይል ላኩና መልስ ጠብቁ። ደግሞ እባካችሁ፣ «አለርጂ አለብኝ» ብላችሁ አትዋሹ። ይሄን ምክር የሚያሰራጩ ሰዎች ያናድዱኛል። አለርጂ ሰው ይገድላል፤ ወጥ ቤቱ በከንቱ ሲሯሯጥ የእውነት ያለበት ሰው ይጎዳል። ጾም እንደሆነ መናገር ምን ያሳፍራል?

ከሱቅ ስትገዙም በደማቅ የተጻፈውን ብቻ አይታችሁ አትሂዱ። በደማቅ የሚጻፉት በሕግ የተዘረዘሩት 14 የአለርጂ ምግቦች ናቸው። ወተትና እንቁላል ከነሱ ውስጥ ስላሉ ደምቀው ይታያሉ። የበሬ ሞራ፣ የአሳማ ስጋና ጄላቲን ግን ዝርዝሩ ውስጥ የሉም፤ በተራ ጽሑፍ መሃል ተቀምጠው ያልፏችኋል። እስከ መጨረሻው አንብቡ። ማንበብ የከበዳችሁ ልጆቻችሁን አስነብቡ።

ሰው ቤት ከተጠራችሁ ቀድማችሁ ንገሩ፤ አንድ ሳህን ምግብም ይዛችሁ ሂዱ። አዚፋ ወይም ምስር ወጥ በቂ ነው። ዝም ብሎ ሄዶ ማዕዱ ላይ አልበላም ማለት ሲያበስል ያደረውን ሰው ማስከፋት ነው። የሚያስፈልጋችሁን በዋዜማው ግዙ። በእንግሊዝና በዌልስ በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ከ280 ካሬ ሜትር በላይ የሆኑ ሱቆች ዲሴምበር 25 አይከፈቱም። ለንደን ውስጥ በዚያ ቀን ባቡርም አውቶቡስም የለም። «ታክሲ አይጠፋም» ብላችሁ አትዘናጉ፤ ዋጋው ሌላ ነው።

ከ25 በኋላ ብዙ ሱቆች የተረፈውን ተርኪ ዋጋ ይቀንሳሉ። ለእኛ ገና ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። በረዶው ፍሪጅ ውስጥ እንዲለቅ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 12 ሰዓት አስቡ፤ 5 ኪሎ ከሆነ ከሁለት ቀን በላይ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ለወጥ ዶሮውን አትተዉ፤ የተርኪ ደረት ቁሌት ውስጥ ይደርቃል።

የእኛ ገና፣ ጃንዋሪ 7፣ እዚህ የሥራ ቀን ነው። በሆስፒታልና በአረጋውያን መጦሪያ በፈረቃ የምትሠሩ፣ ዲሴምበር 25ን እናንተ ሸፍናችሁ 7ን እንዲሸፍንላችሁ ከባልደረባ ጋር አሁኑኑ ተነጋገሩ፤ የፈረቃው ሰሌዳ ከወጣ በኋላ ማንም አይሰማችሁም። 25 ማለዳ የሚያደርሳችሁ ባለ መኪናም ከወዲሁ ፈልጉ።