ለደቅ ደሴት የጀልባ የጊዜ ሰሌዳና ታሪፍ እንዴት ይወጣል?

ዘጌ በየብስም በውኃም ይደረሳል። ጀልባው ቢቀር መኪና አለ። ደቅ ግን ዙሪያዋን ጣና ስለከበባት ከጀልባ ሌላ መንገድ የላትም። ሕመምተኛውም፣ ተማሪውም፣ እህሉን ይዞ ገበያ የሚወጣው ገበሬም ዓይኑ ወደዚያችው ጀልባ ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ መስመር ሰሌዳና ታሪፍ የምታወጡ የጀልባ ማኅበራትና የቀበሌ ኮሚቴዎች ሁለቱን ነጣጥላችሁ አትሥሩ። ሰዓቱ ነዳጁን ይወስናል፣ ነዳጁ ዋጋውን ይወስናል፣ ዋጋው ካነሰ ደግሞ ሞተሩ በተበላሸ ቀን ሰሌዳው ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

መጀመሪያ ጉዞውን ለኩ

ከባሕር ዳር እስከ ደቅ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰሌዳ ግን በርቀት ሳይሆን በራሳችሁ ጀልባ ሰዓት ነው የሚወጣው። ጀልባው እንደ ወትሮው ተጭኖ ሳለ አሥር ጉዞ መዝግቡ፤ አምስቱ የጠዋት፣ አምስቱ ከቀትር በኋላ ይሁኑ። ከዚያ አማካዩን አትውሰዱ። በአማካይ የወጣ ሰሌዳ ከቀኖቹ በግማሾቹ ይዘገያል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ የዘገየ ጀልባን ደግሞ ሰው ማመን ያቆማል። ከአሥሩ ሁለተኛውን ዝግተኛ ጉዞ ያዙ።

ነዳጁንም እንዲሁ። ታንከሩን እስከ አፉ ሙሉና ሂዱ፤ ስትመለሱ በተለካ ጀሪካን እንደገና እስከ አፉ ሙሉ። የጨመራችሁት ሊትር ጉዞው የበላው ነው። ከሻጭ ወረቀት ላይ የተገለበጠ ቁጥር ጣና ላይ አይሠራም፤ ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ አየሩም ስስ ነው። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ 40 ፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛው እዚህ 33 ያህል ነው የሚሰጠው። ሞተሩ ሙሉ ጋዝ ተሰጥቶትም ዙሩ ካልወጣ ጥፋቱን ከካርቡሬተሩ ብቻ አትፈልጉ፤ ፒቹ (በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት) ዝቅ ያለ ፕሮፔለር ያስፈልገው ይሆናል።

ፍጥነት ገንዘብ ነው። 10 ሜትር የሚረዝምና ውኃውን እየገፋ የሚሄድ ጀልባ በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ የራሱ ማዕበል ይይዘዋል፤ ከዚያ በላይ የምትሰጡት ጋዝ ቤንዚን ማቃጠል ብቻ ነው። ከዚያ በታችም ቢሆን ፍጥነቱን 10 በመቶ ብትቀንሱ በኪሎ ሜትር የሚነደው ነዳጅ 19 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 2 ሰዓት ከ42 ደቂቃ የሚፈጅ ጉዞ 3 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ለ18 ደቂቃ ይህን ያህል ነዳጅ ማዳን ከተቻለ ሰሌዳውን በ3 ሰዓት አስሉት።

የመነሻ ሰዓት

ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሣል። ሐይቁ ጥልቅ ስላልሆነ፣ በጥልቁ ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ ዝቅ ብሎ የተጫነ ጀልባን ቶሎ ቶሎ ይመታል። የባሕር ዳር ዳርቻ በደቡብ ስለሆነ ከሐይቁ የሚመጣው የቀትር ነፋስ ወደ ደቅ ለሚመለሰው ጀልባ ከፊት ነው የሚገጥመው። እናም የሚያስቸግረው መሄጃው ሳይሆን መመለሻው ነው፤ ስሌቱንም ከመመለሻው ጀምሩ።

ስሌቱ ይህ ነው። ፀሐይ ከምትጠልቅበት ሰዓት ላይ አንድ ሰዓት ቀንሱ፤ ጀልባው ከዚያ በፊት ደሴቱ ላይ መድረስ አለበት። ከዚያም የጉዞውን ሰዓት ለነፋሱ ሩብ ጨምራችሁ ቀንሱ። በኅዳር ፀሐይ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች፤ መድረሻው 11 ሰዓት ይሆናል፤ 3 ሰዓቱ ከነሩቡ 3 ሰዓት ከ45 ነው፤ ከባሕር ዳር የመጨረሻው መነሻ 7 ሰዓት ከ15 ሆነ። በሐምሌ ፀሐይ ወደ 1 ሰዓት ተጠግታ ስለምትጠልቅ ስሌቱ ከ8 ሰዓት በኋላም ይፈቅዳል፤ እናንተ ግን አትፍቀዱ። የክረምት ነጎድጓድና ዝናብ የሚመጣው በዚያው ሰዓት ነው። ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰዓት ቢሆን ሰውም ይለምደዋል።

የምንመክረው ሰሌዳ ጀልባው ደቅ የሚያድርበት ነው። ከደቅ ጠዋት 1 ሰዓት ይነሣል፣ ባሕር ዳር 4 ሰዓት ይደርሳል፤ ቀን 6 ሰዓት ተነሥቶ ነፋስ ከሌለ 9 ሰዓት፣ ካለ እስከ 9 ሰዓት ከ45 ደቅ ይገባል። ባለ ጀልባው ከተማ ማደር ቢመርጥም እሺ አትበሉ፤ ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ጎሕ ሲቀድ ጀልባ ደጇ ላይ ማግኘት አለባት። በጥር ፀሐይ ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ስለምትወጣ ከ1 ሰዓት የቀደመ መነሻ ጨለማ ላይ ይወድቃል።

ከተማ ውስጥ የሚገኘው 2 ሰዓት ግን ለገበያም ለሐኪምም አይበቃም። ስለዚህ ቀኖቹን ጥንድ ጥንድ አድርጉ፦ ማክሰኞና ረቡዕ ለጤና ጣቢያና ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ፣ ዓርብና ቅዳሜ ለቅዳሜ ገበያ። ዓርብ የወጣ ከተማ አድሮ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሸጦ፣ በ6 ሰዓቱ ይመለሳል። በሳምንቱ ቀን እንጂ በወሩ ቀን አታውጡ፤ «በየወሩ 5፣ 15 እና 25» የሚል ሰሌዳ ጳጉሜን ሲመጣ ይዛነፋል። ትልቁ የጣና ጀልባ ለብዙ ዓመታት እሑድ ጠዋት ከባሕር ዳር ተነሥቶ፣ ቁንዝላ አድሮ፣ ሰኞ ጎርጎራ ሲገባ ሰው ሰሌዳውን በቃሉ ይዞት የኖረው ቀኑ ስለማይለወጥ ነው።

በዓላቱን ከወዲሁ ጻፉ። ደቅ ላይ ላለው ለናርጋ ሥላሴ ጥር 7 እና ሐምሌ 7፣ አጠገቧ ባለችው ዳጋ ደሴት ላለው ለዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም መስከረም 15፣ ጥቅምት 17 እና ጥር 1 አንድ ጀልባ አይበቃም። ተጨማሪ ጉዞ ከዋዜማው ጀምሮ ይመደብ፤ ካልተመደበ የሚሆነው ይታወቃል፣ 24 ሰው በሚጭን ጀልባ 40 ሰው ይሳፈራል። ትኬት ሻጩም ወደ ዳጋ ሴቶች እንደማይገቡ ከመክፈላቸው በፊት ይንገራቸው፤ ሦስት ሰዓት ተጉዞ ወደብ ላይ መቅረት ያሳዝናል።

ሰሌዳው ላይ «ጠዋት 1፡00» ብላችሁ ከጎኑ «በፈረንጅ 7፡00» ጨምሩ። ስልኩን በፈረንጅ ሰዓት ያደረገ ሰው 1፡00ን ከቀትር በኋላ አድርጎ ያነበዋል፣ ጀልባውም ያመልጠዋል።

ታሪፉ

የሚከተሉት ዋጋዎች ለስሌቱ ማሳያ ብቻ ናቸው፤ በራሳችሁ ቁጥር ተኩ። 24 ሰው የሚጭን፣ 40 ፈረስ ጉልበት ባለ ሁለት ምት የቤንዚን ሞተር ያለው ጀልባ እንውሰድ። በ13 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲሄድ በሰዓት 12 ሊትር ገደማ ቢበላ ደርሶ መልስ በ5 ሰዓት ከ24 ደቂቃ 65 ሊትር ነው። ሊትሩ 150 ብር ቢሆን 9,750 ብር። ዘይቱ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ስለሚገባ 1.3 ሊትር፣ በ600 ብር ሒሳብ 780። ለነጂና ለረዳት 1,500። ሞተሩ 600,000 ብር ተገዝቶ 2,000 ሰዓት ቢያገለግል እያንዳንዱ ሰዓት 300 ብር ይበላል፤ ለደርሶ መልሱ 1,620። ለጀልባው አካል ጥገና፣ ለላይፍ ጃኬት፣ ለፈቃድና ለማረፊያ 1,000። ድምሩ 14,650 ብር።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። 24 ወንበር ደርሶ መልስ 48 ነው ብለው 14,650ን ለ48 ያካፍሉና 305 ብር ያወጣሉ። ጀልባው ግን በየቀኑ አይሞላም። በተለምዶ በደርሶ መልሱ 29 ሰውና 7 ኩንታል ጭነት የሚገኝ ከሆነ፣ አንድ ኩንታል እንደ አንድ ሰው ተቆጥሮ 36 ከፋይ ነው ያለው። በ305 ብር 10,980 ይሰበሰባል፣ 3,670 ይጎድላል። ጉድለቱ በመጀመሪያው ቀን አይታይም፤ ቤንዚኑ ይገዛል፣ ነጂው ይከፈለዋል። የሚጠፋው የሞተሩ ማስቀመጫ ነው፤ የተቃጠለ ፒስተን ሲመጣ ሣጥኑ ባዶ ይሆናል። ለ36 ብታካፍሉ 407 ብር ነው፣ 410 በሉት።

አሁን ወደ ዝግታው ተመለሱ። ፍጥነቱ 10 በመቶ ሲቀንስ ከ65 ሊትሩ 12 ሊትር ይተርፋል፣ ይህም 1,800 ብር ነው። የሞተሩ ሰዓት ስለሚረዝም 180 ብር ይቀነሳል። የቀረው 1,620 ብር ለእያንዳንዱ ከፋይ 45 ብር ቅናሽ ነው። ነዋሪው 18 ደቂቃ ከ45 ብር የትኛውን እንደሚመርጥ በስብሰባ ጠይቁት።

በዚህ ምሳሌ ነዳጁ የወጪው ሁለት ሦስተኛ ስለሆነ ቤንዚን 10 በመቶ ሲጨምር ታሪፉ 7 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ 407 የነበረው 434 ይሆናል እንጂ 500 አይሆንም። ይህን ስሌት ወደቡ ላይ ለጥፉት። ለደቅ ላለ ርቀት ግን የናፍጣ ሞተር ብታገኙ ይሻላል፤ ለዚያው ሥራ የቤንዚኑን ግማሽ ገደማ ነው የሚያነደው። የቤንዚኑን ሞተር እንደ ደብረ ማርያም ላሉ ቅርብ መሻገሪያዎች ተዉት።

ቅናሽ ለማን? ለተማሪና ለሕመምተኛ ቅናሹን ደግፉ፤ ግን ከየት እንደሚሸፈን አብራችሁ ጻፉ። ጥሩው ምንጭ የጎብኚ ኮንትራት ነው። ኮንትራት ሲሠራ የጀልባው ሙሉ ወጪና የመቆያ ሰዓቱ ይታሰብ፤ ትርፉ ወደ ቅናሹ ይግባ። በሰሌዳ ቀን ግን ጀልባውን ለኮንትራት አትስጡ። የደሴት ሰው ቅር የሚሰኘው በዋጋ ጭማሪ ሳይሆን፣ ኩንታሉን ይዞ ወደብ ላይ ቁጭ ብሎ ጀልባው ለሌላ መሄዱን ሲሰማ ነው።

ከመነሣት በፊት

ነዳጅ በሦስት ይከፈላል፦ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ ለክፉ ቀን። ለ65 ሊትር ጉዞ 5 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይያዝ፤ ከተሳፋሪና ከሲጋራ ይራቅ። ላይፍ ጃኬቱ ነጂውንና ረዳቱን ጨምሮ በሰው ልክ ይሁን፤ የልጅ መጠኑም ይኑር፣ የአዋቂው ጃኬት ከሕፃን ላይ ሾልኮ ይወጣል። ጀልባው በልኩ ተጭኖ ሳለ ውኃው የደረሰበት ላይ በቀለም መስመር አስምሩ፤ መስመሩ ከሰጠመ ተጨማሪ ሰው አይሳፈርም፣ ክርክር የለም። ኩንታሉ መሐል ላይ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ።

ሞተሩ እንደተነሣ ከኋላ የሚፈሰውን ቀጭን የማቀዝቀዣ ውኃ እዩ። ከቆመ ሞተሩን ወዲያው አጥፉ፣ አንሡት፣ መሳቢያ ቀዳዳውን ጥረጉ። በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ እምቦጭ ሲበዛ ይህ በየጉዞው ያጋጥማል፤ ሥሩ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ ሞተሩም ይግላል። ስለት ያለው አጭር ቢላ ከጀልባው አይለይ። በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ውኃው ስለሚጎድል ድንጋዩ ወደ ላይ ይቀርባል፤ መሳፈሪያውን ወደ ጥልቁ አዛውሩ፣ ሰሌዳውም ላይ 15 ደቂቃ ጨምሩ።

ጉዞ የሚሰረዘው በነጂው ድፍረት መጠን ሳይሆን በዓይን በሚታይ ምልክት ይሁን። ከወደቡ ሲታይ የማዕበሉ ጫፍ በብዙ ቦታ ነጭ ከሆነ ነፋሱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር አልፏል፤ የተጫነ ጀልባ አይነሣም። ውሳኔው ከመነሻው ግማሽ ሰዓት በፊት ይነገር። የተሰረዘ ትኬት ለሚቀጥለው የጉዞ ቀን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያገለግላል፤ ሕመምተኛና ነፍሰ ጡር በዚያ ጉዞ ቀድመው ይሳፈራሉ።