ጠገራ ብር አይፈተግም፤ ሰብሳቢ ፊት ዋጋ የሚያሳጡ ስህተቶች

ጎጃም ውስጥ የድሮ ሣጥን ሲከፈት ማርትሬዛ፣ ማለትም የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት የድሮ የብር ገንዘብ፣ ብቅ ማለቱ ብርቅ አይደለም። እነ ባሶ ገበያ የደመቁት በዚሁ ጠገራ ብር ነው። ጣጣው የሚመጣው ከሣጥኑ ከወጣ በኋላ ነው።

ዋናው ስህተት ማሳመር ነው። «ቆሽሿል» ተብሎ በሎሚና በአመድ፣ ካልሆነም በጥርስ ሳሙና ይፈተጋል። ብሩ ቦግ ይላል፣ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። የድሮ ሳንቲም ሰብሳቢው ግን መብራት ላይ ዘንበል ሲያደርገው የፀጉር ያህል የቀጠኑ ጭረቶች ይታዩታል። ያ ጥቁረት እኮ አብዛኛውን ጊዜ ቆሻሻ አይደለም። አየር ላይ ያለ ድኝ አዘል ጋዝ ከብሩ ጋር ተዋህዶ የሠራው ስስ ሽፋን ነው። ሲፈተግ የብሩም ገጽ አብሮ ይነሳል። የተነሳ ገጽ ደግሞ አይመለስም።

ሌላው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አዲሱን አጥቁሮ ማስረጀት። በድኝ፣ በእሳት፣ በተቀቀለ እንቁላልም ሳይቀር ይሠራል። «ከቅድመ አያት የወረደ ነው» ይባልላችኋል። ማርትሬዛ ላይ ይሄ በቀላሉ ያታልላል፤ ቪየና ከጊዜ በኋላ የተመታውም ብር ያው 1780 የሚለውን ዓመት ይዞ ነው የሚወጣው። ስለዚህ በዓመቱ ብቻ ዕድሜውን አታውቁም፣ ጥቁረቱም ምስክር አይሆንም።

ቀለሙን በደንብ እዩት። በጊዜ የመጣ ቀለም ከወርቃማ ቢጫ ወደ ቀይና ሐምራዊ፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊ ቀስ እያለ ይሸጋገራል። በእጅ ብዙ የዞረ ብር ፊደላቱ ሥር ይጠቁራል፣ የንግሥቲቱ ጉንጭና ትከሻ ግን ፈካ ይላል። በአንድ ጀንበር የተቀባው ድንገት ሰማያዊ ይሆናል፣ ወይም ጉብታውንም ጎድጓዳውንም እኩል ያለብሰዋል። ሚዛንም አትርሱ፤ ደህና ማርትሬዛ 28 ግራም ገደማ ነው።

አገራችን ውስጥ ግን ከሁሉ በላይ የሚያሸውደው አንገት ላይ የዋለው ብር ነው። ማንጠልጠያ ጆሮው ተነቅሎ የብየዳው ጠባሳ እንዳይታይ ይጠቆራል። ከንግሥቲቱ ራስ በላይ ያለውን ጠርዝ በጣታችሁ ዳብሱት። እዚያ ጋ ብቻ የጠርዙ ጽሑፍ ከደበዘዘ ወይም ቀለሙ ከሌላው ከተለየ፣ ጆሮ ነበረው ማለት ነው። ፓሪስ በ1887 ዓ.ም. በተመታው የምኒልክ ብር ላይም ይሄንኑ ፈልጉ።

አቀማመጥ ላይ፦ በጎማ ላስቲክ አትሰሩት፣ ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥም አትተዉት። ላስቲኩ ያጠቁረዋል፣ ፕላስቲኩ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ያመጣበታል። ቅባት ከያዘው ንጹሕ አሴቶን ውስጥ ነክራችሁ ሳታሹ አውጡት፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አይሆንም።

የተፈተገ ከሆነም ስትሸጡ «ተፈትጓል» በሉ። ውጭ አገር ያሉት የሳንቲም ደረጃ መዳቢዎች ያለርኅራኄ የተፈተገ ወይም ሆን ተብሎ የተቀለመ ብር ሲያገኙ ጉድለቱን ጽፈው ይመልሱታል እንጂ ነጥብ አይሰጡትም።