ትክትክ የተከተበ ቤት ለምን ይመለሳል፣ ጨቅላ ያለበት ቤትስ ምን ያድርግ

ባለፈው ክረምት እዚህ ባህር ዳር የእህቴ ልጅ ክርስትና ነበር፣ ቤቱ ሞልቷል፣ ከዘጌ በጀልባ የመጡ ዘመዶችም አሉ። ትልቋ ልጇ 8 ዓመቷ ነው፣ ክትባቷን ሁሉ ጨርሳለች ካርዷም አለ፣ ግን ሁለት ሳምንት ሆኗት ነበር ማሳል ከጀመረች፣ እኛ ደግሞ ጉንፋን ነው የክረምት ብርድ ነው ብለን ወንድሟን እያቀፈች እየሳመችው ዋለች። ከአስር ቀን በኋላ ሕፃኑ ጀመረው፣ ሲያስለው ፊቱ ይጠቁራል ትንፋሹ ጥፍት ይላል። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፏል። ሐኪሟ ትክትክ ነው ስትለን እህቴ መጀመሪያ ያለችው «ትልቋ ተከትባ የለ እንዴ?» ነበር፣ ይህን የምጽፈውም ለዚህ ጥያቄ ነው።

የትክትክ ክትባት እንደ ኩፍኝ ክትባት ብዙ ዘመን አይቆይም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጉልበቱ እየቀነሰ ይሄዳል፣ በሽታው ራሱ የያዘው ሰው እንኳን ዕድሜ ልክ አይጠበቅም እንደገና ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ በልጅነቱ የተከተበ የ8 ዓመት ልጅ ወይም እናንተ ራሳችሁ ስትያዙ ብዙ ጊዜ እንደ ሕፃን አያስጨንቃችሁም፣ ለሳምንታት የማይለቅ ደረቅ ሳል ብቻ ይሆናል፣ ማንም ትክትክ ነው ብሎ አያስብም፣ በዚያ መሀል ግን ባክቴሪያው ከሰው ሰው ይዞራል። በጣም ተላላፊ ነው፣ መከላከያ በሌለው ሕዝብ መሀል አንድ በሽተኛ ከ12 እስከ 17 ሰው ሊያሲዝ ይችላል ይባላል። ደግሞ በየ2 እስከ 5 ዓመቱ ከፍ ዝቅ እያለ የሚመለስ በሽታ ነው፣ ጥሩ ክትባት ባለበት አገርም።

ውጭ ያሉ ዘመዶች ደውለው «እዚህ የተከተበውም እየታመመ ነው» ሲሉ ውሸት አይደለም። አሜሪካ በ2012 እ.ኤ.አ ከ48 ሺህ በላይ ሰው ተይዟል። ግን እነሱ በ1990ዎቹ የቀየሩት ክትባት የባክቴሪያውን ቁራጭ ብቻ የያዘ ነው፣ ትኩሳቱ ቀለል ይላል መከላከያው ደግሞ ቶሎ ይደክማል። እኛ ጤና ጣቢያ ፔንታ የምንለው፣ ትክትክን ጨምሮ አምስት በሽታ የሚከላከለው የሕፃናት ክትባት፣ ውስጥ ያለው የቀድሞው፣ ሙሉ ባክቴሪያው ተገድሎ የሚሠራው ነው፣ ማታ ልጁን የሚያተኩሰውም በብዛት እሱ ነው። የነሱን ወሬ ሰምታችሁ የራሳችሁን ልጅ ክትባት እንዳታስቀሩ በጣም እለምናችኋለሁ።

«ከታመሙት ብዙዎቹ የተከተቡ ናቸው» የሚለውም ሰውን ያደናግራል። ለምሳሌ ያህል 1000 ልጆች አሉ እንበል፣ 900 የተከተቡ 100 ያልተከተቡ። ከተከተቡት 45 ቢታመሙ ካልተከተቡት 30 ቢታመሙ፣ በቁጥር የተከተቡት ይበዛሉ፣ ግን ከተከተበው ከ100 የታመመው 5 ነው ካልተከተበው 30 ነው፣ ስድስት እጥፍ ማለት እኮ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። የመጀመሪያው ፔንታ በ6 ሳምንት ነው፣ የ45 ቀን ክትባት የምንለው፣ ከዚያ 10 እና 14 ሳምንት። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በ40 ቀኑ ነው፣ ማለት ያ ሁሉ ሰው የሚስመው አንድም ሳይከተብ ነው፣ ሴቷም በ80 ቀኗ ሦስተኛውን ገና አልወሰደችም። ክርስትናው አይቅር፣ ግን የሚያስለው ሰው ሕፃኑ ጋ አይድረስ፣ አያትም ቢሆኑ። «እማዬ ሳሉ እስኪለቅዎት ከሩቅ ይመርቁት» ብሎ መናገር ነውር አይደለም። እናት በእርግዝና የምትወስደው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ትክትክን አይከላከልም፣ በሱ አትተማመኑ። አንድ ቀጠሮ ካለፋችሁ ደግሞ ካለፈበት ይቀጥላል እንጂ ከዜሮ አይጀመርም፣ ይቆጡኛል ብላችሁ አትቅሩ።

ሳሉ ሲጀምር ለአንድ ሁለት ሳምንት ጉንፋን ነው የሚመስለው፣ ከዚያ ተከታትሎ የማያስተነፍስ ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ ሲተነፍስ ይጮኻል ወይም ያስመልሳል። ትንሽ ሕፃን ግን ላይጮኽ ይችላል፣ ዝም ብሎ ትንፋሹ ይቆማል፣ እኔን እስከዛሬ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። በሳሉና በሳሉ መሀል ልጁ ደህና ስለሚመስል ሐኪም ፊት ላያስለው ይችላል፣ ስለዚህ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹት፣ ቤት ውስጥ ሳምንታት የቆየ ሳል ያለበት ሰው ካለም ሳትጠየቁ ተናገሩ። ሐኪሙ እንደ አዚትሮማይሲን ያለ አንቲባዮቲክ ያዛል፣ አንዳንዴ ለቤተሰቡም ጭምር። በጊዜ ከተጀመረ ሕመሙን ያቀላል፣ ከዘገየ መተላለፉን ይቆርጣል እንጂ ሳሉን ቶሎ አያቆመውም፣ የባክቴሪያው መርዝ የመተንፈሻውን ቱቦ አስቀድሞ ስለጎዳው ለወራት ሊቆይ ይችላል። መድኃኒቱ ከተጀመረ 5 ቀን እስኪሞላ ከሌሎች ልጆች ይለይ።

ቤት ውስጥ ጭስ አርቁ፣ የእጣኑም የከሰሉም ጭስ ሳሉን ይቀሰቅሰዋል፣ ቡናው ሌላ ክፍል ይፈላ። ጡት ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ ስጡት። የሳል ሲሮፕ አይሠራለትም። ዓመት ላልሞላው ማር አትስጡ፣ እንጥል የሚያስቆርጥ ካለ ልጁን ይዛችሁ ሽሹ፣ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ነው ትርፉ።

ዕድሜው ከ6 ወር በታች ሆኖ እንዲህ ካሳለው ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጠርታችሁ ሂዱ፣ ትንፋሹ ከቆመ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ጡት እምቢ ካለ ወይ ካንቀጠቀጠው ደግሞ በየትኛውም ዕድሜ ጠዋትን አትጠብቁ።