የድሮ ሰው መድረክ ላይ ሲወጣ፦ በፀጉርና በሜካፕ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ የድሮ ዘመን ቴአትር ሲታሰብ መጀመሪያ የሚያስጨንቀው ልብሱ ነው። ካባው ከማን ይከራይ፣ ጥበቡ ከየት ይምጣ ይባላል። ፀጉርና ፊት ትዝ የሚሉት ግን መጋረጃው ሊከፈት አንድ ሰዓት ሲቀረው ነው። ለዚህ ነው ከዓመት ዓመት ያው ስህተት የሚመላለሰው።

በጣም የሚያናድደኝን ላስቀድም። ሴት ሁሉ አንድ ዓይነት ሹሩባ ትሠራለች። ልጃገረዷም፣ የልጆች እናትም፣ ሐዘንተኛዋም ያው ሹሩባ! ድሮ እኮ ፀጉር ዕድሜንም ኑሮንም ይናገር ነበር። ለሕፃን ቁንጮ ይተውለታል። ያላገባች ልጅ ሳዱላ ናት፤ መሃል አናቷ ተላጭቶ ዙሪያው ይቀራል። ስታገባ አናቷን ታሳድጋለች። የቅርብ ሰው የሞተባት ደግሞ ፀጉሯን ትላጫለች። አንድ ቴአትር ላይ አባት “ልጄ ገና ለጋብቻ አልደረሰችም” እያለ ከሽማግሌዎች ጋር ይሟገታል። ልጅቷ ግን የባለትዳር ሹሩባ ግጥም አድርጋ ተሠርታ ከጎኑ ቆማለች። ከፊት የተቀመጡት እናቶች እርስ በርስ ተያዩ። ተዋናዩ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ከዚያ በኋላ ማን ያምነዋል?

ተዋናይቷን ላጯት እያልኩ አይደለም። የእግር ስቶኪንግ ቆርጣችሁ አናቷ ላይ አጥብቃችሁ አልብሷት። ጠርዙን ለሜካፕ ተብሎ በተሠራ፣ ሰው ቆዳ ላይ በሚቀባ ሙጫ ያዙት፣ ከቆዳዋ ጋር በሚመሳሰል ፋውንዴሽን ሸፍኑት፣ ፓውደር አድርጉበት። ከዚያ ዙሪያውን ፀጉር አስሩ። ከሦስተኛው ረድፍ ጀምሮ ያለ ተመልካች አይለየውም። ይህን ለመሥራት ጊዜ ከሌለ ፀጉሯን በሻሽ ሸፍኑት። የተሸፈነ ፀጉር ከተሳሳተ ፀጉር ይሻላል።

የመቅደላ ታሪክ ሲሠራ ደግሞ የአጼ ቴዎድሮስ ፀጉር አለ። ሦስት ጉንጉን መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። ከሱቅ የተገዛ ሰው ሠራሽ ፀጉር ቀጫጭን ሆኖ ይጎነጎናል፤ መብራት ሲያርፍበት ፕላስቲክነቱ ከኋላ ወንበር ድረስ ያብለጨልጫል። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ ከፀጉራቸው ተቆርጦ ተወስዷል። ለንደን ያለው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ያን ፀጉር ለኢትዮጵያ የመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው። ሕዝብ ይህን ያህል ዘመን ያሰበውን ፀጉር በጥድፊያ አትሥሩት። ጉንጉኑ ወፍራም ይሁን፤ ከግንባር ተነስቶ ራስ ቅል ላይ ተኝቶ ወደ ማጅራት ይውረድ። ብልጭታውን ለመግደል ከፀጉሩ ቀለም ጋር የሚሄድ ፓውደር ነስንሱበትና በእጅ እሹት።

ወሎ ላይ ሌላም ጥንቃቄ አለ። ዘይነባ የምትባል ገፀ ባሕርይ ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት ተስሎባት ስትወጣ አይቻለሁ። ሜካፕ የሠራችውን ልጅ ስጠይቃት “የድሮ ሴት ስለሆነች ነው” አለችኝ። ልጅቷ እጇ ወርቅ ነው፤ ድርሰቱን ግን አላነበበችም። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ቤት በሚኖርበት አገር ማን ምን እንደሆነ ጠይቆ መነሳት ግድ ነው። የወሎውን ንጉሥ ሚካኤልን የምትሠሩም ዓመቱን እዩ። የወሎ ሙስሊም መሳፍንት ክርስትና እንዲነሱ ከታዘዘበት ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በፊት ከሆነ ሰውየው ገና ኢማም መሐመድ አሊ ናቸው። አንገታቸው ላይ ማተብ አይታሰርም።

ፊት ማንጣት ይቅር! የቤተ መንግሥት ሴት ሁሉ ቀይ መሆን አለባት ያለው ማነው? ጠይሟን ልጅ በሁለት ደረጃ በነጣ ፋውንዴሽን ይለስኗታል፤ አንገቷና እጇ ግን እንዳሉ ናቸው። መብራት ሲበራ ፊቷ አመድ ይመስላል። ፋውንዴሽኑን አገጯ ሥር ሞክሩትና ከራሷ ቆዳ ጋር የሚጠፋውን ምረጡ። ቆንጆ ናት፤ መልኳን አትቀይሩባት።

የተቀነደበ ቅንድብ፣ ጄል ጥፍር፣ ጎኑ በማሽን የወረደ የዘማች ፀጉር፦ እነዚህን ከመጀመሪያው የልምምድ ቀን ጀምሮ ከልክሉ።

ሽማግሌ ለማድረግ ዱቄት ራስ ላይ መነስነስም አይሆንም። ተዋናዩ ጥምጣሙን ባወለቀ ቁጥር ይቦናል። ነጭ የፊት ቀለም በጥርስ ብሩሽ እየነካካችሁ ከጆሮ ግንድና ከጢም ጀምሩ። መጨማደዱን ደግሞ በጥቁር እርሳስ አታስምሩት። ተዋናዩ ፊቱን ያኮሳትር፣ እጥፋቱ የት እንደሚውል እዩ። እጥፋቱ ውስጥ ቡናማ ጥላ፣ ከጎኑ ትንሽ ፈካ ያለ ቀለም አድርጉ። እጁንም አትርሱ። የሰባ ዓመት ፊት ይዞ የሃያ ዓመት እጅ የሚዘረጋ ሽማግሌ ብዙ አይቻለሁ።

እንሶስላ እውነተኛው ቢሆን ደስ ይላል። ግን አንዴ ከሞቀ ለቀናት አይለቅም። ተዋናይቷ በሌላ ትዕይንት ሌላ ሴት ሆና የምትወጣ ከሆነ በቀይ ቡናማ የፊት ቀለም አስመስሉት።

ቅቤ ግን ፀጉር ላይ አታድርጉ። በመብራቱ ሙቀት ቀልጦ ግንባር ላይ ይወርዳል፣ ፋውንዴሽኑን ይዞት ይሄዳል፣ የተለጠፈውን ጢም ሙጫም ያላቅቃል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች በብርዱ ብዙ ነገር ይሸሸጋል። ያንኑ ትርኢት ይዛችሁ ባቲ ስትወርዱ ላብ ሁሉንም ያጋልጠዋል። ቆላ ስትወርዱ ፋውንዴሽኑን አሳሱት፣ ፓውደሩን ጨምሩ፣ ሙጫና መሐረብ የያዘ አንድ ሰው ከመድረክ ጀርባ ይቁም።

አንድ ኩል ለአሥር ሰው አይዙርም። የዓይን ሕመም ቡድኑን በሙሉ ያዳርሳል። ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበት የድሮ ድንጋይ ኩልም ለእውነተኛነት ተብሎ ዓይን ውስጥ አይገባም፤ ጥቁር የዓይን እርሳስ ከሩቅ ያው ነው።

ሙጫውን ከትርኢቱ አንድ ቀን በፊት ክንድ ላይ ቀብታችሁ ሞክሩት፤ የሚያሳክከው ሰው አይጠፋም። ትርኢቱ ሲያልቅም ጢሙን አትንጩት። ሙጫውን በዘይት አርሳችሁ እስኪላላ ጠብቁና ከዳር ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ አንሱት።