የስፓኒሽ ጽሕፈትንና ንግግርን አብሮ ለመለማመድ

በኮሌጅ ስፓኒሽ የምትማሩ ሁሉ፣ የጽሑፍ የቤት ሥራችሁን ለመምህሩ ከማስረከባችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ በስልካችሁ ቅረጹት፤ ከዚያም ወረቀቱን አስቀምጣችሁ፣ ድምፃችሁን እያዳመጣችሁ እንደ ቃል ጽሕፈት መልሳችሁ ጻፉት። የስፓኒሽ አጻጻፍ ለአነባበቡ እጅግ ቅርብ ስለሆነ፣ ሁለቱን ጽሑፎች ስታስተያዩ ብዙ ግድፈት ወዲያው ይገለጥላችኋል፤ በተለይም የድምፅ ጫና የሚያርፍበት ቦታ። ለምሳሌ «አብሎ» የሚለው ግሥ ጫናው በመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ሲያርፍ «እናገራለሁ» ማለት ሲሆን፣ በመጨረሻው ላይ ሲያርፍና በኦ ፊደል አናት ላይ ጭረት ሲደረግበት ግን «ተናገረ» ወይም «ተናገረች» ይሆናል፤ ጭረቷን እንደ ጌጥ የሚቆጥር ተማሪ የድርጊቱን ባለቤትም ጊዜውንም ያፋልሳል። የማይነበበውን ኤች፣ እንዲሁም በድምፅ አንድ የሆኑትን ቢ እና ቪን ግን ጆሮ ስለማይለያቸው በዓይን መያዝ ግድ ነው። ለቃል ፈተና ደግሞ አንቀጹን እንዳለ ከመሸምደድ ይልቅ (ፈታኙ ጥያቄውን ትንሽ ሲያዞረው ሽምደዳ ይከዳል) ግሦቹን ብቻ በቁራጭ ወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ጽፋችሁ፣ በእነርሱ እየተመራችሁ ታሪኩን በየጊዜው በአዲስ አነጋገር ተናገሩት።