በፈረንጆች ገና የሰው ውሻና ድመት ስትጠብቁ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከታንክስጊቪንግ እስከ ጃንዋሪ 1 ባለው ጊዜ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቤቱን ቆልፎ ወደ ዘመዶቹ የሚሄደው ሰው ብዙ ነው። ውሻውንና ድመቱን የሚያይለት ሰው አጥብቆ የሚፈልገውም ያኔ ነው። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ስለሚውል ዲሴምበር 25 ላይ ሥራ መግባት ብዙዎቻችንን አይከብደንም። አንዳንዱ እንስሳ ጠባቂንና ባለቤትን በሚያገናኘው ሮቨር አፕ፣ ሌላው በጎረቤት ወይም በሥራ ባልደረባ በኩል ይጠራል። የበዓል ሰሞን ክፍያውም ብዙ ጊዜ ከአዘቦቱ ከፍ ይላል።

ከውጭ ሲያዩት ቀላል ሥራ ይመስላል፤ ምግብ መስጠት፣ ውኃ መሙላት፣ ውሻውን አንሸራሽሮ መመለስ። ነገር ግን አብዛኞቻችን ያደግነው ውሻ ግቢ ጠብቆ በሚያድርበት፣ ድመት አይጥ አድና በምትኖርበት ቤት ነው። እዚህ ያለው እንስሳ አኗኗሩ ሌላ ነው፤ ሐኪም አለው፣ መድኃኒት አለው፣ የሚሳሳለት ባለቤት አለው። ከማያቸው ጥፋቶች አብዛኞቹ ደግሞ ከስንፍና የመጡ አይደሉም። ከይሉኝታ የመጡ ናቸው፤ ይህን ብጠይቅ አላዋቂ ልመስል ነው፣ አሁን ብደውል በዓላቸውን አበላሻለሁ ከማለት።

ሳያዩ እሺ ማለት

ባለቤቱ ከመሄዱ በፊት አንድ ቀን ቤቱ ሂዱ። ውሻው ያሽትታችሁ። ባለቤቱ ሲያበላውና ይዞት ሲወጣ ተመልከቱ። ውሻ የምትፈሩ ከሆነ ሥራውን ተዉት፣ ድመት ጠብቁ፤ ነውር የለውም። ውሻ ፍርሃታችሁን ያውቅባችኋል፣ እናንተም እሱም ትሳቀቃላችሁ።

ከዚያ ሳታፍሩ ጠይቁ። ሰው ነክሶ ያውቃል? ምን ያስደነግጠዋል? የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ጊዜው አላለፈም? ሐኪሙ ማን ነው? ሌሊትና በበዓል ቀን የሚሠራው የእንስሳት ድንገተኛ ሆስፒታልስ የትኛው ነው? ከሁሉ የሚዘለለው ጥያቄ የገንዘቡ ነው። ድንገተኛ ሕክምና በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል። ስልኩን ባያነሳ እስከ ስንት ድረስ ይታከምልኝ እንደሚል ባለቤቱ በጽሑፍ፣ ቢያንስ በቴክስት፣ ይስጣችሁ።

ከራስ ምሳ ማጉረስ

በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ከፍቅር የሚመጣ ጥፋት ስለሆነ። ውሻው እግራችሁ ሥር ቁጭ ብሎ ዓይን ዓይናችሁን ሲያይ ለብቻ መብላት ላደግንበት ባህል ይከብዳል። ነገር ግን የወጣችን መሠረቱ ቀይ ሽንኩርት ነው፣ ነጭ ሽንኩርቱም ይከተላል። ሁለቱም የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሴል ያጠፋሉ፤ ድመት ላይ ይብሳል። መቁላላቱ ጉዳቱን አያስቀረውም። ምልክቱም ከቀናት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ድካም፣ የድድ መንጣት፣ የሽንት መጥቆር። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ስለሆነ፣ ሥጋ የሌለበት ምስርና ሽሮ ምን ያደርገዋል የሚል አለ። ሁለቱም በሽንኩርት የተሠሩ ናቸው። የጃንዋሪ 7 ዶሮ ወጥ ሲመጣ ደግሞ አጥንቱ ይጨመራል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እየሾለ ይሰነጠቃል፣ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል።

በቤቱ ውስጥ ባለቤቶቹ ትተውት የሄዱትም ያሰጋል። ቸኮሌት፣ በተለይ ጥቁሩና ለመጋገሪያ የሚሆነው፣ ዘቢብ ያለበት ኬክ፣ ወይን ፍሬ፣ የማካዳሚያ ለውዝ፣ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ያለበት ስኳር አልባ ማስቲካ። ዛይሊቶል የውሻን የደም ስኳር በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊጥለው ይችላል፣ ጉበትም ይጎዳል። በገና ዛፉ ሥር የተቀመጠው በወረቀት የተጠቀለለ ስጦታ ውስጡ ቸኮሌት ከሆነ ውሻው ከእናንተ በፊት ያውቀዋል። ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡት።

ከበላ በኋላ ወተት ማጠጣት፣ ጨው በውኃ በጥብጦ ለማስመለስ መሞከር አይገባም። ወተት መርዝ አያረክስም፤ የጨው ውኃ ራሱን የቻለ ጉዳት ነው። የበላውን ነገር ማሸጊያ ይዛችሁ ለሐኪሙ ወይም ለኤኤስፒሲኤ የእንስሳት መርዝ መቆጣጠሪያ ማዕከል ደውሉ። ቁጥሩ 888-426-4435 ነው፤ 24 ሰዓት ይሠራል፣ የምክር ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል።

በሩን ወለል አድርጎ መክፈት

ውሻ ከማያውቀው ሰው ጋር በሚያሳልፋቸው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለማምለጥ ይቀናዋል። ቁልፉን ስታዞሩ አፍንጫውን በሩ ስንጥቅ ላይ ደቅኖ ነው የሚጠብቃችሁ። በሩን ወለል ካደረጋችሁት በእግራችሁ መካከል ሾልኮ ይወጣል። ጠበብ አድርጋችሁ ክፈቱ፣ ጉልበታችሁን አስቀድማችሁ ግቡ፣ በሩን ከኋላችሁ ዝጉ፣ ገመዱን የምታነሱት ከዚያ በኋላ ነው። በአንገት ማሰሪያውና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት ብቻ ይግባ፤ ከዚያ ከላላ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ በጭንቅላቱ ያወልቀዋል። ባለቤቱ ፓርክ ውስጥ ይፈታዋል ብላችሁ እናንተ አትፍቱት። ዲሴምበር 31 ደግሞ ሳይመሽ አውጡት፤ ርችት ሲፈነዳ ረጋ ያለውም ውሻ ይበረግጋል። ካመለጠ ሮጣችሁ አታባርሩት። ቁጭ በሉና በስሙ ጥሩት፣ ወዲያው ለባለቤቱ ደውሉ።

ድመት ራሷን ትችላለች ማለት

ምግብ ከምሮ በሁለት ቀን አንዴ ብቅ የሚል አለ። ድመት ቢያንስ በየቀኑ መታየት አለባት፤ ሕመሟን ስለምትደብቅ የምታውቁት በሳህኗና በአሸዋዋ ነው። አሸዋውን ስታጸዱ የሽንቱን ጓሎች ቁጠሩ። ትናንት ሦስት የነበረው ዛሬ ምንም ከሌለ፣ ወንድ ድመት ደግሞ ሣጥኑ ውስጥ ደጋግሞ እየገባ አምጦ ምንም ካልወጣው፣ የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ለነገ የሚባል አይደለም፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይገድላል። አንድ ቀን ሙሉ ምንም ያልበላች ድመትም ስልክ ታስደውላለች፤ ጾሟ ሲረዝም ጉበቷ በስብ ይያዛልና።

ለባለቤቶቹ እንኳን ደህና መጣችሁ ለማለት አበባ የምትገዙ ከሆነ ሊሊ አትግዙ። የድመትን ኩላሊት ያበላሻል፤ ቅጠሉ ብቻ ሳይሆን ብናኙም፣ የተቀመጠበት ውኃም። የስጦታ ሪባንና የገና ዛፉ አብረቅራቂ ክርም ከወለል ላይ ይነሳ፤ ድመት ከዋጠችው አንጀቷን ይቋጥረዋል።

ወፍ ባለበት ቤት ቡና መቁላት

ባለቤቶቹ በቀቀንም ካላቸው፣ ማደር ቢኖርባችሁም ቡና አትቁሉ፣ ዕጣን አታጭሱ። የወፍ ሳንባ ጭስ አይችልም። ቴፍሎን መጥበሻም ባዶውን ከልክ በላይ ከጋለ ለሰው የማይታወቅ ጋዝ ያወጣል፤ ወፉን በደቂቃዎች ይገድላል። ቡናችሁን በፔርሙስ ይዛችሁ ሂዱ።

ቅዝቃዜውን መናቅ

ከ32 ፋራናይት በታች ትናንሽና ፀጉራቸው ስስ የሆኑ ውሾች ሹራብ ይፈልጋሉ፣ ሽርሽሩም ይጠር። ከ20 በታች ለሁሉም ያሰጋል። አስፋልት ላይ የሚበተነው ጨው መዳፋቸውን ያቃጥላል፣ ሲልሱትም ወደ ሆድ ይገባል፤ ስትመለሱ እግራቸውን በለብ ያለ ውኃ አጥባችሁ በጣቶቻቸው መካከል ድረስ አድርቁ። ከመኪና የፈሰሰ አንቲፍሪዝ ጣፋጭ ነው፣ ጥቂቱም ይገድላል፤ ጋራዥ ውስጥ አትፍቱት።

የመድኃኒት ሰዓት

ስኳር ያለባቸው ድመቶች አብዛኛውን ጊዜ በየ12 ሰዓቱ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ባለቤቱ 7 ኤኤም ብሎ ይጽፋል፤ እናንተ ደግሞ ለምትተካችሁ እህት በአማርኛ ሰባት ሰዓት ላይ ትላላችሁ፣ እሷም ከምሳ በኋላ ትደርሳለች። ጽሑፉን ፎቶ አንስታችሁ ላኩላት፤ በቃል አትንገሯት። ድመቷ ካልበላች ሳትወጉ ደውሉ። የተወጋች መሆኗን ካላረጋገጣችሁ አትድገሙ፤ አንድ መርፌ ከመቅረቱ ሁለቴ መወጋቷ ይከፋል። ታይሌኖል ለድመት፣ አድቪል ለሁለቱም መርዝ ነው። ቦርሳችሁ ውስጥ ከያዛችሁት ዚፑ ይዘጋ።

በዓላቸውን አላበላሽም ብሎ ዝም ማለት

ሁለት ጊዜ አስመለሰ፣ አነከሰ፣ ቀኑን ሙሉ ከአልጋ ሥር አልወጣም። ነገ ይሻለዋል ብሎ ማደር እዚህ ሥራ ላይ ክፉ ልማድ ነው። ባለቤቱ በእራት ላይ ስልኩ ቢጮህ ይመርጣል። ደውሉና ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ፤ መቼ ጀመረ፣ ስንት ጊዜ፣ ምን በልቶ ነበር። ቪዲዮ ላኩ፤ ሐኪሙም እሱን ማየት ይፈልጋል። እናንተን ቢነክሳችሁ ወይም ቢቧጭራችሁም አትደብቁ፤ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ደጋግማችሁ እጠቡ፣ ሐኪም ይየው።

የመመለሻ ቀኑን ማመን

በዲሴምበር 2022 ማለቂያ ሳውዝዌስት አየር መንገድ ብቻውን ከ16 ሺህ በላይ በረራ ሰርዞ ብዙ ሰው ለቀናት መንገድ ላይ ቀርቷል። በበረዶ ሰሞን የመመለሻ ቀን ይንሸራተታል። ስለዚህ ምግቡ፣ አሸዋውና መድኃኒቱ ለተጨማሪ ሁለት ሦስት ቀን እንዲበቃ አስቀድማችሁ አስተካክሉ፣ የተጨማሪውን ቀን ክፍያም ከመሄዳቸው በፊት ተነጋገሩበት። አውሮፕላኑ አርፏል የሚል መልእክት አይበቃም፤ ቤታችን ገብተናል ብለው እስኪጽፉላችሁ ድረስ የማታውን ጉብኝት አትሰርዙ፣ ቁልፉንም ፖስታ ሣጥን ውስጥ ጥላችሁ አትሂዱ።