የጎማ ንጣፍ ላይ ልጅ ከመልቀቃችሁ በፊት

ባሕር ዳር ላይ ልጅ ይዛችሁ መጫወቻ ቦታ ስትሄዱ፣ መሬቱ ጥቁር የጎማ ንጣፍ ከሆነ መጀመሪያ በእጃችሁ ጀርባ ንኩት። ካቃጠላችሁ ለልጁም አይሆንም። የቀትሯን ፀሐይ ታውቋታላችሁ! አመሻሽ ላይ ውሰዷቸው።

ንጣፉ ብዙ ጊዜ ካረጀ የመኪና ጎማ ተፈጭቶ ነው የሚሠራው። እንደ እርሳስና ዚንክ ያሉ ብረቶች፣ ፒኤኤች የሚባሉ፣ አንዳንዶቹ ካንሰር ሊያመጡ የሚችሉ ኬሚካሎችም ይገኙበታል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎማ ፍርፋሪ ውስጥ የፒኤኤች መጠን በኪሎ ከ20 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ገድቧል። ቤት ቆልፉባቸው ማለቴ አይደለም፤ ለወደቀ ልጅ ከሲሚንቶ ይሻላል።

ዋናው አፍ ነው። ዳዴ የሚል ሕፃን ፍርፋሪውን አንስቶ ይጎርሳል፤ ለሱ ሳሩ ይሻለዋል። ትልልቆቹ ጫማ ያድርጉ፤ ዳቦ ከመቁረሳቸው በፊት በሳሙና ይታጠቡ። ጫማውን በር ላይ አራግፉት። የኔው ልጅ በካልሲው ሳይቀር ይዞ ይመጣል።